ባቢሎንን የሚለቁና ባቢሎን የሚገቡ

ስደተኛ ከአገሩ ሲወጣ ይዞት የሚወጣውን ዕቃ የመምረጥ ዕድል አያገኝም፤ በስደት አገር የሚሰጠውንም ዕቃ እንዲሁ አይመርጥም። እኛ ዋሽንግተን ስንደርስ የተሰጠን ብርድ ልብስ፣ ሰው የለበሰው የክረምት ካፖርት፣ አንድ ድስትና ሥራ ለመፈለጊያ የሚሆን ወረቀት ነበር። ከዚያ ሁሉ ዛሬ በእጃችን የቀረ የለም። ሳንጥለው እስከ ዛሬ የቆየነው፣ ለስደተኛ ይጠቅማል ብሎ ማንም ያላሰበውን አንድ ቢጫ ካሴት ነው። ስለዚህ ካሴት ለመጻፍ የተነሣነው የሙዚቃ ሊቃውንት ሆነን አይደለም። ካሴቱ አንድ ጊዜ ስላሳፈረን ነው፤ ያም ኀፍረት በስደት ከተማርናቸው ትምህርቶች ዋነኛው ሆኖ ስላገኘነው ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው ነገሩ በተፈጸመበት በስደት አገራችን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

በ1980 የአሜሪካ መንግሥት አዲሱን የስደተኞች ሕግ ካወጣ በኋላ፣ በሱዳን በኩል የወጣን ብዙዎች ወደዚህ አገር ገባን። ከእኛ በፊት ለትምህርት መጥተው አብዮቱ እዚሁ ያስቀራቸውም ነበሩ። አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር፣ ከ18ኛው ጎዳና አጠገብ፣ አምስት ሆነን በአንድ ምድር ቤት እንኖር ነበር። መስኮታችን ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ስለ ነበረ ከአሜሪካ የምናየው እግር ብቻ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ቀን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ሌሊት መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፤ አንዱ ታክሲ ይነዳል፤ ሁለታችን በምግብ ቤት ሳህን እናጥባለን። አምስተኛው በዕድሜ ስለሚበልጠን ጋሼ ብቻ እያልን የምንጠራው፣ ቀድሞ በወሎ መምህር የነበረ ሰው ነው። በ1973 በወሎ የወረደውን ረሃብ በዐይኑ አይቷል። ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ የደከሙ ተማሪዎች ስም ዝርዝር ከዐሥር ዓመት በኋላም ከአእምሮው አልወጣም ነበር። ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ስም ሲጠራ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል።

ካሴቱ እንዲህ መጣ። ሳህን በምናጥብበት ቤት አንድ የዋሽንግተን ተወላጅ የሆነ ጥቁር ወጣት አብሮን ይሠራ ነበር። ጸጉሩን እንደ አገራችን ባሕታውያን አሳድጎ ገምዶታል፤ አንገቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ዶቃ አስሯል። ከኢትዮጵያ መምጣታችንን በሰማ ጊዜ የያዘውን ሳህን አስቀምጦ፣ እጁን በሽርጡ አድርቆ፣ በሁለት እጁ ጨበጠን። በዚያች ከተማ በሁለት እጁ የጨበጠን የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነበር። እኛም ነገሩን ከትሕትናው ቈጠርነው እንጂ የጨበጠው እኛን እንዳልነበረ፣ ከኋላችን የሚያየው አንድ ትልቅ ነገር እንደ ነበረ አላስተዋልንም። ከሳምንት በኋላ፣ በ1982 ጸደይ፣ ካሴቱን አምጥቶ ሰጠን። ወንድሞቼ ሆይ፣ ይህ ስለ እናንተ ነው፤ ወስዳችሁ ስሙት አለን።

ማታ ጋሼ ሽፋኑን ወደ አምፖሉ አስጠግቶ መረመረው። የአሜሪካ ምክር ቤት ጉልላት ተሥሎበታል፤ ከሰማይ የወረደ መብረቅ ጉልላቱን ይመታዋል፤ ሥዕሉ የተቀባበት ቀለም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው።

«ይህ የእኛ ሰንደቅ ዓላማ ቀለም አይደለም እንዴ? እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?» አለ።

ካሴቱን ከቤተ ሰብ የሚላክልንን ድምፅ በምንሰማበት አሮጌ ቴፕ ውስጥ ከተትነው። ገና ጥቂት ሴኮንድ እንደ ሄደ ታክሲ ነጂው ተነሥቶ ዘጋው። ቴፑ ተበላሽቷል፤ ካሴቱን ያስሮጠዋል አለ። ለማረጋገጥ የአገራችንን ዘፈን አስገባን፤ በደንቡ ሄደ። እንደገና ቢጫውን መለስን፤ እንደ ፊተኛው ሮጠ።

«እንግዲያውስ የሚሮጡት ሰዎቹ ናቸው፤ ቴፑን ተውት» አለ ጋሼ።

አምስት ዘፈን እንዲህ በሩጫ አለፈ። አንዱ ገና ተጀመረ ስንል ያልቃል፤ ትንፋሽ ሳንወስድ ሌላው ይነሣል። ስድስተኛው ላይ ግን ሩጫው በድንገት ቆመ። ቤዝ ጊታሩ ረጋ ብሎ፣ እንደ ሰው እርምጃ መሄድ ጀመረ፤ ቃል የለውም። ተቆጥቶ ተናግሮ ሲያበቃ በሩ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን በእጁ የያዘ ሰው ይመስል ነበር። ሁላችንም ዝም አልን። ያ ጸጥታ ከቀደመው ጩኸት ይልቅ የምናውቀው ነገር ነበር።

ባንዱ ባድ ብሬይንስ ይባላል። አራቱም ከዋሽንግተንና በዙሪያዋ ካለው የሜሪላንድ ሰፈር የወጡ ጥቁር ወጣቶች ናቸው፤ ኤች. አር. እየተባለ የሚጠራው ድምፃዊ ፖል ሃድሰን፣ ወንድሙ ኧርል ሃድሰን በድራም፣ ዶክተር ኖው የሚባለው ጌሪ ሚለር በጊታር፣ ዳሪል ጄኒፈር በቤዝ ጊታር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲጀምሩ ማይንድ ፓወር ተብለው ጃዝን ከሮክ ጋር የሚያዋሕደውን ስልት ይጫወቱ ነበር። ቀጥሎ ፓንክን ሰሙ፤ አዲሱን ስማቸውንም ራሞንስ ከሚባለው የኒው ዮርክ ባንድ የዘፈን ርእስ ወሰዱ። በጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር «ባድ» የሚለው ቃል ክፉ ማለት ብቻ አይደለም፤ ኃይለኛ፣ የማይደፈር ማለትም ይሆናል። ፓንክ በዚያን ጊዜ በብዛት የነጭ ወጣቶች ቁጣ ሆኖ ይታይ ነበር። እነዚህ አራቱ ያንን ቁጣ ተቀብለው ከባለቤቶቹ ይልቅ አፈጠኑት። ፍጥነቱ ካልሠለጠነ እጅ የመጣ ጩኸት አልነበረም፤ በጃዝ የተገሩ እጆች ስለ ነበሩ አራቱ እንደ አንድ ሰው ይሮጣሉ፣ አብረው ይቆማሉ፣ አብረው ይታጠፋሉ። ሃርድኮር የተባለው ስልት ሲመሠረት የእነርሱ ድርሻ ከፍ ያለ ነው፤ ማይነር ትሬትን ያቋቋመው ኢያን ማካይን የመሰሉ የዋሽንግተን ነጭ ወጣቶች ከመድረካቸው ሥር ቆመው ተምረዋል።

ቦብ ማርሌን በመድረክ ካዩ በኋላ ግን ሌላ ነገር ገባባቸው። ሬጌን መጫወት፣ ጸጉራቸውን መግመድ፣ እግዚአብሔርን በራስ ተፈሪያን ስም «ጃህ» ብለው መጥራት ጀመሩ። በ1979 ገደማ የዋሽንግተን የሙዚቃ ቤቶች አዳራሹ ይሰባበርብናል ብለው አንድ በአንድ በራቸውን ዘጉባቸው። ያን ጊዜ ከተጫወቱባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ማዳምስ ኦርገን የሚባለው የሠዓሊያን ቤት ነው፤ ይህም ቤት እኛ በኋላ በምንኖርበት ሰፈር፣ በዚያው በ18ኛው ጎዳና ላይ ነበር። በመጨረሻም ከተማዋን ለቅቀው ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። በካሴቱ ላይ ካሉት ዘፈኖች አንዱ ከዋሽንግተን መታገዳቸውን በርእሱ ይናገራል። እነርሱ ከዚያ ጎዳና ተባርረው ሲወጡ እኛ ከአገራችን ተባርረን እዚያው ጎዳና ገባን።

አልበሙ የተቀረጸው በ1981፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በአቬኒው ኤ በነበረው 171-ኤ በተባለ ትንሽ ስቱዲዮ ነው። ሪችአውት ኢንተርናሽናል ሬከርድስ የተባለ በካሴት ብቻ የሚያሳትም ድርጅት በየካቲት 1982 አወጣው። ዐሥራ አምስት ቁራጭ አለው፤ ሁሉ ተደምሮ ከሠላሳ አምስት ደቂቃ አይበልጥም። በዚያን ዘመን አልበም ማለት ሸክላ ነበር፤ የመጀመሪያ አልበምን በካሴት ብቻ ማውጣት ከታናሽነት ይቆጠር ነበር። እኛ ግን ካሴትን አንንቅም። በዚያ ጊዜ በአገራችን ደብዳቤ ይከፈታል፤ የተጻፈ ነገር ማስረጃ ይሆናል። እናቶቻችን ስለዚህ በሰው እጅ የሚልኩልን ካሴት ነበር። መሀል ላይ የዶሮ ድምፅ ይገባል፤ ጎረቤት ይገባና ሰላምታውን ያክላል፤ ሊነገር የማይችለው ሲደርስ ዝምታ ይሆናል፤ ዝምታውንም ደጋግመን እንሰማዋለን። ካሴት ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ድንበር ይሻገራል፣ በእጅ ይባዛል። ከተማው በሩን የዘጋበት ሰውና አገሩ በሩን የዘጋበት ሰው ድምፃቸውን በአንድ ዓይነት ዕቃ መላካቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር እንመለስ። በማግስቱ ወጣቱ እንዴት አገኛችሁት ብሎ ጠየቀን። ሙዚቃውን ወደድነው፤ ነገር ግን ጃህ የምትሉት ማን ነው አልነው። እርሱም ፊቱ በርቶ፣ የእናንተው ንጉሥ፣ የይሁዳ አንበሳ አለ። እኛም ሳቅን። ሳቃችን የደስታ አልነበረም። የተማሪ ሳቅ ነበር፤ ዐውቃለሁ የሚል ሰው ሳቅ። እኛ በልጅነታችን መሬት ለአራሹ እያልን በዚህ ሰው ላይ ሰልፍ የወጣን ነን አልነው። በ1974 መስከረም ከቤተ መንግሥታቸው አውጥተው በትንሽ ቮልስዋገን እንደ ወሰዷቸው ነገርነው። በ1975 ሞቱ ተብሎ መታወጁን ነገርነው። እርሳቸውም ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ፣ ቄስ የሚባርካቸው የተዋሕዶ ክርስቲያን እንጂ አምላክ ነኝ ያሉ ሰው አልነበሩም አልነው። ሁሉም እውነት ነበር። እውነት የተናገረ ሰው ሁሉ መልካም አደረገ ማለት እንዳልሆነ ግን ገና አላወቅንም።

ወጣቱ ለረጅም ጊዜ ሳህኑን ብቻ ያጥብ ነበር። በመጨረሻም ፊቱን ሳያዞር፦

«እናንተ ንጉሥ ስለ ነበራችሁ መጣል ቻላችሁ። እኛ የምንጥለው ምን ነበረን?» አለ።

ይህን ቃል ማታ ለጋሼ ነገርነው። ጋሼ በንጉሡ ነገር ከሁላችን የመረረ ነበር፤ ጃንሆይ በወሎ ረሃብ ጊዜ የት ነበሩ ብሎ የማይጠይቅበት ቀን አልነበረም። ይከራከራል ብለን ጠበቅን። እርሱ ግን ዝም አለ። ለብዙ ቀንም ስለ ካሴቱ አላነሣም።

ጉዳዩን ለመመርመር ስንነሣ ያገኘነው መንገድ ወደ ራሳችን ቤት የሚመልስ ሆነ። በዚያው ከመካከላችን አንዱ በሚማርበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1930ዎቹ አንድ ኢትዮጵያዊ ሕክምና ተምሮ ነበር፤ ዶክተር መላኩ በያን። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ እንዲነሡ የጠራ፣ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋመ እርሱ ነው። ኢትዮጵያ የእናንተም ናት ብሎ የነገራቸው የእኛው ሰው ነበር ማለት ነው። ደግሞም ከቺካጎ ተነሥቶ አገራችን ድረስ የሄደ ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አብራሪ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ በአገራችን ሰማይ ላይ በረረ፣ ከጦርነቱም በኋላ ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፣ በ1954 በአዲስ አበባ ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ ለእንዲህ ያለው ውለታ መመለሻ ይሆን ዘንድ በፌዴሬሽኑ በኩል በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። ደርግ የገጠር መሬትን በ1975 ሲወርስ ከዚያ መሬት የበዛውን ወሰደው። እኛም በዚያ ዓመት ስለ መሬት አዋጁ ስንጨፍር፣ ባሕር ተሻግረው የመጡ ጥቂት ሰዎች የተስፋ ቁራሻቸውን እያጡ መሆኑን አልሰማንም፤ ብንሰማም ግድ የሚለን አይመስለንም።

ሌላም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያደረጉትን ንግግር ቦብ ማርሌ በ1976 ዜማ አደረገው። እኛ ያንን ንግግር በጋዜጣ ስናነብ፣ ለውጭ ሰው የሚነገር ጌጥ ነው ብለን አልፈነዋል፤ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የሚናገር ሰው በአገሩ ጭሰኛውን ምን አደረገለት ብለናል። ጥያቄያችን ትክክል ነበር። ነገር ግን ቃሉ ከተናጋሪው እጅ ወጥቶ፣ ተናጋሪው ያላሰበው ሕዝብ ዘንድ ደርሶ፣ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ከእኛ ቀድማ ተረድታለች። በ1970 በጃማይካ ስታቋቋም ካህናቷ የመጣውን ሰው እምነቱን ንቀው አላባረሩም፤ ቀስ ብለው አስተማሩ፣ አጠመቁ። ቦብ ማርሌም በ1980፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በተዋሕዶ ጥምቀት ተጠመቀ። እኛ በአንድ ቀን ሳቅ ልንዘጋው የፈለግነውን ክርክር እነርሱ በዓመታት ትዕግሥት ይዘውት ነበር።

በዚያው በ1982 በካሊፎርኒያ አንደርከቨር የተባለ የክርስቲያን ወጣቶች ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን አውጥቶ ነበር፤ በ1984 ደግሞ ኦልታር ቦይስ ተከተለ። ክርስቲያን ፓንክ እየተባለ የሚጠራው ስልት በእነዚህና በመሰሎቻቸው ተጀመረ። እነዚያ ወጣቶች በጀርባቸው የሚያውቃቸው ጉባኤና መጽሐፋቸውን የሚያነብላቸው ሰባኪ ነበራቸው፤ ከጉባኤያቸው ወጥተው ወደ ጎዳናው ሊሰብኩ ሄዱ። የቢጫው ካሴት ሰዎች መንገድ በተቃራኒው ነው፤ ከጎዳናው ተነሥተው የሚጸልዩበትን ቤት ፈለጉ። በአካባቢያቸው የነበረው ቤት ሁሉ ሌላ ሰው የሠራው ሆነባቸውና፣ ባዩት ሰው እጅ ወደማያውቁት አገር ጠቆሙ። ያገኙትን ሁሉ አንሥቶ የራስ ማድረግ በእምነታቸው ብቻ አልነበረም። በዚሁ አልበም ውስጥ ስለ ብሩህ የአእምሮ ዝንባሌ የሚደጋግሙት መፈክር የመጣው ናፖሊዮን ሂል በ1937 ስለ ሀብት ማግኘት ከጻፈው መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉን ለኤች. አር. የሰጠው አባቱ ነበር። ነጋዴ እንዲበለጽግበት የተጻፈውን ምክር፣ በር የተዘጋበት ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ምርኩዝ አደረጉት። በሰንደቅ ዓላማችን ቀለምም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ይህን ስንል ቅዱሳን ነበሩ ማለታችን አይደለም። በዚያው በ1982 በቴክሳስ ኦስተን ሲጓዙ የተቀበላቸውን ሌላ ባንድ ድምፃዊ፣ ወንድ ወዳድ ነው ብለው በእምነታቸው ስም አዋርደውታል፤ ነገሩ በሙዚቀኞቹ ዓለም ለዓመታት የተወራ ቁስል ሆኖ ቀርቷል። በር የተዘጋበት ሰው እርሱም በተራው በር ሊዘጋ ይችላል። ይህን ስንሰማ ልንፈርድባቸው ፈልገን ነበር፤ ከዚያ ግን ራሳችንን አስታወስን። እኛስ? በ1970ዎቹ በአንድ በር ገብተን በሁለት በር የወጣንባቸው ስብሰባዎች ስንት ናቸው? በአንዲት ጽሑፍ ውስጥ ባለች በአንዲት ቃል ምክንያት፣ አብሮን እስር ቤት የተኛውን ወዳጅ ከሃዲ ያልነው እኛ አይደለንምን? አንዳንዶቹ ወዳጆች ይቅርታ ሳንጠይቃቸው በ1977ና በ1978 በቀይ ሽብር ተገደሉ። ነጻነትን ጮክ ብሎ መጥራት ከጭካኔ እንደማይጠብቅ ከእነርሱ በፊት እኛ ዐውቀነዋል።

አንድ ማታ ጋሼ ካሴቱን ራሱ አወጣው። ስምንተኛው ዘፈን ምን ይላል ብሎ ጠየቀ። ባቢሎንን ለቅቆ ስለ መሄድ ነው፤ በእነርሱ እምነት ባቢሎን ማለት ይህ አገር ነው፣ ጽዮን ማለት የእኛ አገር ናት አልነው። ጋሼ በቄስ ትምህርት ዳዊት የደገመ ሰው ስለ ነበረ፣ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ስለ ተቀመጡት ምርኮኞች የሚናገረውን 136ኛውን መዝሙር በቃሉ በግእዝ ደገመው። ዘፈኑ በቴፑ እየሄደ፣ እርሱ ዳዊቱን ቀስ ብሎ እየደገመ፣ እኛ በመስኮቱ የሚያልፈውን እግር እያየን ቆየን። ከጨረሰ በኋላ እንዲህ አለ፦

«እርሱ የሚለቀውን ቤት እኛ ተገላገልን ብለን ገባንበት። እኛ አምልጠን የወጣንበትን ቤት እርሱ ገነት ይለዋል። በር ላይ ተገናኝተን መንገድ ልንጠያየቅ ሲገባን ሳቅንበት።»

በሚቀጥለው ቀን ሁለታችን ወጣቱን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም ቂም የያዘ አይመስልም ነበር፤ ስለ ወሎ ረሃብ ንገሩኝ አለን። ነገርነው። ጋሼም አንድ እሑድ ምድር ቤታችን ጠርቶት ሽሮ አብልቶ፣ የተማሪዎቹን ስም አንድ በአንድ ነገረው። ወጣቱ እስከ መጨረሻው ሰማ። እምነቱን አልተወም፤ እኛም እንዲተው አልጠየቅነውም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጽዮን ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይል ነበር፤ እኛም ስለ ንጉሡ ስንናገር እንዲሁ።

በ1984 ወጣቱ ከሥራው ለቀቀ። ገንዘብ አጠራቅሜ አንድ ቀን ሻሸመኔ እሄዳለሁ፤ እዚያ ለሚያገኘኝ ሰው በቋንቋችሁ ደብዳቤ ጻፉልኝ አለ። የጻፈው ጋሼ ነው። መምህር ስለ ነበረ ፊደሉ ውብ ነበር፤ ደብዳቤው ግን አጭር ነበር። ይህን ወረቀት የያዘው ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቢደክመው አሳርፉት፣ ቢጠማው ውሃ ስጡት፣ ስለ ንጉሡ ቢነግራችሁ አትሳቁበት ይላል። ወጣቱ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ አልተገናኘንም።

ደርግ በ1991 ወደቀ። በ1992 የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ፤ በኅዳር 2000 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ከሐዘንተኞቹ መካከል የቦብ ማርሌ ባለቤት ሪታ ማርሌና ሌሎች ራስ ተፈሪያን ነበሩ። ዜናውን ስናይ ጋሼ በሕይወት ነበር። ምንም አላለም፤ ተነሥቶ ቴፑን ፈለገና አቧራውን ጠረገው። ካሴቱ በዚያን ጊዜ በመደጋገም ብዛት ድምፁ ደክሞ ነበር። ዛሬ ጋሼ የለም፤ እኛም ሸብተናል፤ 18ኛው ጎዳናም የምናውቀው ጎዳና አይደለም።

ከእኛ በኋላ የተሰደዳችሁ፣ በየአዳራሹና በየወጥ ቤቱ የምትውሉ ወጣቶች ሆይ፤ ከአገራችሁ ያመለጣችሁበትን ምክንያት አትርሱ፤ የቀበራችኋቸውንም ሰዎች ስም ጥሩ። ይህን ማንም ሊወስድባችሁ አይገባም። ነገር ግን ከእናንተ አጠገብ ቆሞ የሚሠራ ሰው፣ እናንተ የጣላችሁትን ነገር ከመንገድ አንሥቶ ደረቱ ላይ አድርጎት ብታገኙት፣ ከመሳቃችሁ በፊት ምን አጥቶ እንዳነሣው ጠይቁት። እርሱም የእናንተን ቁስል እስኪጠይቅ ድረስ ጊዜ ስጡት። እኛ ይህን ለመማር ሠላሳ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ካሴትና አንድ የታጠበ ሳህን ያህል ዝምታ አስፈልጎናል።